የዳቶ ምስባህ ታሪክና የአባባ ሱቅ

ለእህቴ ለረውዳ መሐመድአሚን፣

አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ሰነበትሽልኝ? በዚያ ሙቀት የሚነሣብሽ ራስ ምታት ተወሽ ወይ? ምግቡስ ተስማማሽ፣ ወይስ እንደ በፊቱ በሻይና በብስኩት ነው የምትውዪው? እኛ አላህ ይመስገን በሕይወት አለን። አባባ ጉልበታቸውን ዝናብ ሲመጣ ከሚያማቸው በቀር ደህና ናቸው። እማዬም ደህና ናት። ለአረፋ ትመጫለሽ ብላ ያስቀመጠችልሽን በርበሬ ግን ለጎረቤት አከፋፍላዋለች። ይህንንም ያደረገችው መቅረትሽን የሰማች ዕለት ነው።

ይህን ሁሉ በስልክ ያልነገርኩሽ፣ ስልክ ላይ ንዴቴ ስለሚቀድመኝ ነው። የጓደኛዬ እህት ለትምህርት ወደዚያ ልትመጣ ስለሆነ በእጇ ልኬልሻለሁ። ስለምትጽፊው መጽሐፍ የጠየቅሽኝን ከመመለሴ በፊት የደበቅንሽን ልንገርሽ፦ ሱቃችን ፈርሷል። "ቤቱም እኛም ደህና ነን" ያልንሽ ውሸታችንን ነው። አባባ "በሰው አገር ብቻዋን ታለቅሳለች" ብለው ስለከለከሉን ነው።

መንገዱ ይሰፋል ተብሎ በእኛ መስመር ባሉት ሱቆች ላይ ቀይ ቀለም የተቀባው በሚያዝያ ነበር። ከሱቁ ጀርባ ያለው መኖሪያችንም አብሮ ተቆጠረ። ምትክ ቦታ ይሰጣችኋል ተባልን፤ የት እንደሆነ የሚነግረን ግን ጠፋ። ያኔ አባባ "ተድላ አለልን አይደል?" አሉ። የእኔም ልብ ያረፈው በእሱ ላይ ነበር። ተድላን መቼም አትረሺውም። ከቢታ ገነት ለትምህርት መጥቶ ስንት ዓመት እኛ ዘንድ የኖረ፣ ከአንቺ ጋር በአንድ ትሪ የበላ፣ ሒሳብ ያስጠናሽ፣ አባባንም እንደኛው "አባባ" ብሎ የሚጠራ ነው። ትምህርቱን ሲጨርስ መጀመሪያ ዋጫ ለመንግሥት ሥራ ተመደበ። ንግግር ያውቅበታል፣ ሰው አያስቀይምም፤ ከፍ ከፍ እያለ መጥቶ አሁን እዚሁ ቦንጋ ትልቅ ወንበር ላይ ተቀምጧል። የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ ባልጽፈው ይሻላል።

አባባ ከዘራቸውን ይዘው ቢሮው ሄዱ። ጸሐፊዋ "ሚቲንግ ላይ ናቸው" አለቻቸው። አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁ አረፈዱ። በጓሮ በር ወጥቶ መሄዱን በኋላ የነገራቸው ጥበቃው ነው። እኔ ስሰማ ደሜ ፈላ፤ እሳቸው ግን "ሥራ በዝቶበት ይሆናል" አሉ። ከጥቂት ቀን በኋላ ራሱ ቤት ድረስ መጣ። ወለሉን እያየ "አባባ፣ ነገሩ ከላይ የመጣ ነው። ይህ በተወሰነበት ስብሰባ ላይ ብናገር እኔ ከቦታዬ እነሣ ነበር እንጂ ሱቁ አይተርፍም ነበር" አላቸው። አባባ "ይሁን ልጄ" አሉት። እማዬ ውሃ እንኳ ሳታቀርብለት ሻሿን ሰብስባ ወጣች።

የሚያፈርሰው ማሽን የመጣው በዝናብ፣ ያውም በገበያ ቀን ነው። ከሺሺንዳና ከዋጫ የሚመጡት ደንበኞቻችን እንደ ልማዳቸው ጓዛቸውን እኛ ዘንድ አስቀምጠው ገበያ ሊወጡ መጥተው ነበር። የራሳቸውን ጓዝ ጭቃ ላይ ጥለው የእኛን መደርደሪያ፣ ብርድ ልብሱንና የጨው ጆንያውን እየተሸከሙ አወጡልን። ተድላ አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሶ ከሌሎች ኃላፊዎች ጋር ማዶ ቆሞ ነበር። ወደ እኛ አልመጣም። የተቀበሉን ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ናቸው። እስካሁንም እሳቸው ሳሎን ውስጥ ነን፤ ዕቃው በረንዳቸው ላይ ሸራ ለብሶ ተከምሯል።

አሁን ወደ ሽማግሌሽ፣ የሕይወት ታሪኬን ጻፊልኝ ብለው ወደቀጠሩሽ ወደ ዳቶ ምስባህ ልምጣ። ስለ ሕይወታቸው ጽፈሽ የላክሽልኝን ምዕራፎች ወደ አማርኛ እየመለስኩ ለአባባ ሳነብላቸው ከረምኩ። አልዋሽሽም፣ አባባ ሰውየውን ወደዋቸዋል። "ዳቶ" ማለት እንደ ጥንቱ የእኛ ማዕረግ ያለ የክብር ስም ነው ብዬ ካስረዳኋቸው ወዲህ "ዛሬስ ዳቶ ምን ሆኑ?" እያሉ ይጠይቁኛል። የመረብ ጠጋኝ ልጅ ሆነው ወንዙ ከባሕር በሚገናኝበት መንደር መወለዳቸውን፣ አስተማሪ ሳሉ ለዓሣ አጥማጆቹ አቤቱታ ይጽፉ እንደነበር፣ በዚያ ስማቸው ተጠርቶ ፓርቲ መግባታቸውን ነገርኳቸው። ምርጫ ያሸነፉ ጊዜ መንደሩ በጀልባ ላይ ከበሮ እየመታ እንደተቀበላቸው ሳነብላቸው አባባ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ዳቶ የክፍለ ግዛቱ የመሬት ጉዳይ ኃላፊ ሆኑ። ከዚያ ወደቡ መጣ።

ስለ ወደቡ የጻፍሽው አንዲት መስመር ናት። "ወደቡ ለክፍለ ግዛቱ የዕድገት በር ከፈተ" ትላለች። ገጹን ስገልጥ ሽማግሌው አገረ ገዥ ሆነው ተሹመዋል፤ ኮረብታው ላይ ነጭ ቤት፣ ደረታቸው ላይ ኒሻን፣ መንገድ ዳር ባንዲራ የሚያውለበልቡ ተማሪዎች። በስልክ የነገርሽኝ የት ሄደ? ወደቡ የተሠራው ያቺው የተወለዱባት መንደር ተነሥታ መሆኑ፣ የፈረሙትም እሳቸው መሆናቸው የት ሄደ? የመንደሩ ሽማግሌዎች በዒድ ቀን በራቸው ድረስ መጥተው፣ እሳቸው ሳይወጡላቸው ስለቀሩ መመለሳቸውስ? "አያስፈልግም፣ ተይው አሉኝ" አልሽ። ቀጥለሽ ደግሞ "አስሚዬ ምን ላድርግ? ደግ ሰው ናቸው፤ እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩኝ" ትይኛለሽ።

ረውዳ፣ ተድላም ደግ ነው። እኔን ያንገበገበኝ ደግነቱ ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ረግሜው እገላገል ነበር። አሁን ደግሞ ወደ ላይ ሊሾም ነው እየተባለ ይወራል። ነገ እሱም ያረጅና የሌላ ሰው ልጅ ቀጥሮ ታሪኩን ያስጽፋል፤ የእኛም ሱቅ "መንገዱ ከተማዋን አሳመረ" በምትል መስመር ሥር ተቀብሮ ይቀራል። ያችን መስመር የምትጽፈው የማን እህት ትሆን እላለሁ።

ያንን ገጽ ለአባባ ልዘለው አስቤ ነበር፤ አልሆነልኝም፣ አነበብኩላቸው። "በቃ? ይኸው ነው?" አሉኝ። በስልክ የነገርሽኝን ጨምሬ ነገርኳቸው። "እነዚያ ሰዎች ቤታቸው የፈረሰ ዕለት የት አደሩ? ረውዳ ትጠይቅልኝ" አሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ተድላን ገበያ ላይ አገኘሁት። እጁን ዘርግቶ "አባባ እንዴት ናቸው?" አለኝ። "ያን ዕለት የት እንዳደሩ ታውቃለህ?" አልኩት። አያውቅም። የእትዬ ብርቄ በረንዳ እኮ ከቢሮው መስኮት ይታያል። ዘንቢሌን አንሥቼ ሄድኩ። ይቀለኛል ብዬ ነበር፤ አልቀለለኝም።

ምክሬን ከጠየቅሽኝ፣ ሽማግሌውን አታዋርጂያቸው፤ እንጀራ የበላሽበት ቤት ነው። ግን አጠገባቸው ቁጭ ብለሽ አባባ ያሉትን ጠይቂያቸው። ከመለሱልሽ እንደመለሱልሽ አድርገሽ ጻፊው። አላውቅም ካሉም አለማወቃቸውን ጻፊው። እሱንም ከከለከሉሽ ብዕሩን ለሌላ ሰው ስጪና ነይ። የራሳችን ቤት ባይኖረንም ለአንቺ የሚሆን መኝታ አይጠፋም።

እማዬ እየጾምሽም እየበላሽም ሰውነትሽን ጠብቂ ትልሻለች፤ መቆጣቷን እንዳልነግርሽ ብላኛለች። እትዬ ብርቄ ጉንጭሽን ስመውልሻል። ልጄ ነኢማ ሥዕል ስላ ከዚህ ጋር አያይዛልሻለች። አባባ በዱዓቸው አይረሱሽም። ለዳቶም "ከመሐመድአሚን፣ ከአንድ ሽማግሌ ለሌላው ሽማግሌ የከበረ ሰላምታ ይድረሳቸው፤ ጥያቄዬንም ለክፉ አይዩብኝ፣ የት እንዳደሩ ማወቅ ፈልጌ ነው በያቸው" ብለዋል።

እህትሽ አስማ
ቦንጋ፣ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.