አረንጓዴዋ መስቀል

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለዓለምነው፤ ስልክ በማይገባበት ገዳም እንዴት ከረምህ? እኛ ጸሎትህ ደርሶልን ከነከብቶቻችን ደህና ነን። ጤፉ ታጭዷል፤ ላሚቱም ወልዳለች።

ባለፈው ማክሰኞ አባባን ደብረ ማርቆስ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወስጃቸው ነበር። አትደንግጥ፣ ለመታየት ያህል ነው። የዓይንን የውስጥ ስስ ሽፋን በብርሃን እያነሳ ውፍረቱን የሚለካ መሣሪያ አለ። አገጫቸውን አስደግፈው በቀኝ ዓይናቸው ሲያዩ፣ ውስጡ አረንጓዴ የመስቀል ምልክት ይበራል። ባለሙያዋ ሄለን «አባ፣ መስቀሏን እያዩ ሳይነቃነቁ ይቆዩልኝ» ስትላቸው አባባ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? «በስመ አብ» ብለው እጅ ነሱ! ፎቶው ተበላሸ። ደግማ ብታነሳቸው ደግመው እጅ ነሱ። ልጅቱ በሳቅ ፈረሰች፤ እኔም እንደዚያ ከሳቅሁ ቆይቻለሁ። «ምን ላድርግ ልጄ? ቄስ ነኝ፤ መስቀል አይቼ እንዴት ዝም እላለሁ?» አሏት።

ከዚያ መሣሪያውን ወደ ግራ ዓይናቸው አዞረችው። «አሁንም መስቀሏን ይዩልኝ» አለች።

«እሺ ልጄ» ብለው እንደ ድንጋይ ቀጥ አሉ።

«ይኸው ለመዱት! ባንዴ ጥርት ብሎ ወጣ» አለች ሄለን፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ ያዝሁ።

ለልደት ና እንጂ ለፋሲካ አታቆየው። አባባ እንደሁ ትመጣለህ ብለው ሁሌም ደጅ ደጁን ነው የሚያዩት። የገዳሙ ጸሎት አንተንም እኛንም ይጠብቀን። የአባባን ጉልበት ልትስም ስትሄድ ታዲያ፣ አደራ፣ በቀኛቸው በኩል ቅረብ።

እኅትህ እየሩስ