የሻለቃው ወንበር

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ወገብህስ እንዴት አደረገህ? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ ከጣቶቼ በስተቀር ደህና ነኝ። ሸራ ስወጋ ከርሜ ጫፋቸው ወንፊት ሆኗል። ብታያቸው «ሴት ልጅ ወንበር ሰፊ ትሁን ያለ ማነው?» ብለህ ትስቅብኝ ነበር። ዛሬ ግን የሚያስቅ ወሬ የለኝም።

ከሁለት ወር በፊት አንዲት ሴት አሮጌ ወታደራዊ ጂፕ አስጎትታ ሱቄ በር ላይ አቆመች። ስንት ዓመት ስትፈልገው ኖራ፣ የተጣለ ብረት ከሚከማችበት ግቢ ነው ያገኘችው። ሞተሩን ሌላ ቦታ አሠርታዋለች፤ ከእኔ የፈለገችው ወንበሮቹን ብቻ ነው። «ስፖንጅ እንዳታስገቢብኝ፣ ልክ እንደ ድሮው ይሁን» አለች። እልኸኛ መሆኔን ታውቃለህ። የፈረስ ፀጉር ፍለጋ ፍራሽ አዳሾችን ሁሉ አዳረስኩ። ሸራውን ሁለት ጊዜ ቀለም ነከርኩት፤ አረንጓዴው አልመጣ ሲለኝ ለሦስተኛ ጊዜ ነከርኩት።

ልኩን ለመውሰድ የድሮውን የወንበር ልብስ በስፌቱ መፍታት ነበረብኝ። የሾፌሩ በሰላም ተፈታ። የአዛዡን መደገፊያ ስገለብጠው ግን ከውስጥ በኩል የተጣፈ ጨርቅ አገኘሁ። ከፊት ሲያዩት ተራ ጥገና ነው የሚመስለው። ጨርቁን በአንድ ጎን ፈትቼ ገለጥ ሳደርገው ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። ከቀዳዳው ኋላ ያለው የፈረስ ፀጉር ጠቁሮ፣ ተጋግሮ ደርቋል።

ወንድም ጋሼ፣ ስፌቱን አወቅሁት። ሦስት ወደፊት፣ አንድ ወደኋላ፣ ክሩ በሰም የታሸ፤ አባባ ለሁለታችን ያስተማረን ነው። አባባ ግን ቋጠሮውን ወደ ቀኝ ነበር የሚደብቀው፤ እኔም እንደሱ። ይሄኛው ወደ ግራ ነው። በግራ እጅህ እየሰፋህ ስንት ጊዜ ጣትህን እንደተመታህ ረሳኸው? ጨርቁም እማማ የሰፋችልህ ባለሰማያዊ መስመር ሸሚዝ ነው፤ «ካምፕ ውስጥ ሰረቁኝ» ያልከን።

ክው አልኩ። ይባስ ብሎ በዚያው ቅጽበት ሴትዮዋ «እንዴት ዋልሽ?» ብላ ገባች። ምን እንዳደረግሁ ልንገርህ? መደገፊያውን ከነጨርቁ በርጩማዬ ላይ ጣልኩና ቁጭ አልኩበት። አንድ ሰዓት ሙሉ አልተነሳሁም።

እሷም ቆማ አወራችኝ። ጂፑ የአባቷ ነበር። ማዕረጋቸውንና ስማቸውን ስትጠራ አወቅኋቸው፤ አንተ ሾፌራቸው የነበርክላቸው ሻለቃ ናቸው። መኪናው ባዶውን መንገድ ዳር ሲገኝ «ከድቶ ወደ ጠላት ገባ» ተባሉ። ልጆቹ የከሃዲ ልጆች ተብለው ሰፈሩ ፊቱን አዞረባቸው። እናታቸው ግን «በሕይወት አለ፣ ይመጣል» እያሉ ሠላሳ ዓመት ጠበቁ። ዛሬም የውጭውን በር አያስቆልፉም። አሁን አልጋ ላይ ናቸው። «መኪናውን ላሳያት ነው፤ ከዚያ ምን እንደምላት ግን አላውቅም» አለችኝ። እኔ እላዩ ላይ ተቀምጬ «አይዞሽ» እላለሁ! በራሴም በአንተም አፈርኩ።

ያን ሳምንት ወባ ይዞህ ሆስፒታል ነበርክ፤ ሻለቃው ያለ ሾፌር ብቻቸውን ነድተው ወጡ። ለእኛም ለመርማሪዎቹም ያልከው ይህንኑ ነው። አመንንህ። ከዚያ ወዲህ መርፌ ስትይዝ አላየሁህም፤ ታክሲ ውስጥ እንኳ ከፊት አትቀመጥም። እኔ ሞኟ ጦርነት የጎዳው ሰው እንዲህ ነው እል ነበር። ሦስት ቀን ያላሰብኩት ነገር የለም፤ ከሁሉ የከፋውንም አሰብኩ። ይቅር በለኝ። ሃያ ዓመት ያልሞላህ ልጅ ነበርክ፣ ፈርተህ ይሆናል። ግን እዚያ ነበርክ፤ የጥይቱን ቀዳዳ በሸሚዝህ የሸፈንከው አንተ ነህ። እንዳልከዱ ታውቃለህ። የት እንዳረፉም ታውቃለህ።

ወንበሮቹን ትናንት ጨረስኩ። ምንም ቢሠሩለት እንከን የሚያወጣለት አባባ እንኳ ዝም የሚልላቸው ሆነዋል። የአዛዡን መደገፊያ ስሰፋ ግን ሁለት ጊዜ ፈታሁት። ሴትዮዋ ልትረከብ መጥታ እጇን መደገፊያው ላይ አድርጋ ቆየች። ያን ጊዜ አልቻልኩም። «ይህን መኪና ይነዳ የነበረውን ሰው አውቀዋለሁ» አልኳት። ወንድሜ መሆንህንም፣ ያገኘሁትንም አልነገርኳት፤ እሱን መናገር ያለብህ አንተ ነህ። አድራሻህን ብቻ ሰጠኋት።

ጨርቁን ከወረቀቱ ጋር አጥፌ ልኬልሃለሁ። ፖስታውን እንዲህ አጥብቄ ያሸግሁት መንገድ ላይ እንዳትከፍተው ብዬ ነው። አዎ፣ ይህን ደብዳቤ በእጅህ የሰጠችህ ሴት እሷ ናት። ይሄኔ ፊትህን እያየች ነው። በር ላይ አታቁማት፤ አስገባትና አጠገብህ አስቀምጣት።

እግዚአብሔር አንደበትህን ይፍታልህ፣ ጉልበትህንም ያጽናልህ። ምንም ብትነግራት ወንድሜ ነህ።

የምትወድህ፣
ታናሽ እህትህ