በጀርባው የተኛው ተራራ

ውድ ዴልበርት፣

ይህን የምታነብልህ ጆሊን እንደሆነች አውቃለሁ። በልጅህ ፊት መናዘዝ ያሳፍራል፤ ግን ዓይንህ ከጠፋ ወዲህ ሌላ መንገድ የለኝም። ጆሊን፣ እባክሽ አንድም መስመር ሳትዘልዪ አንብቢለት።

ዛሬ ብቻዬን በቅሎ ጆሮ ወደሚባለው ተራራችን ወጣሁ። ከልማድ የተነሣ ሁለት ሳንድዊች ጠቅልዬ ነበር፤ አንዱን መልሼ አመጣሁት። ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ያወራሁት ነዳጅ ማደያው ላይ ብቻ ነው። የአሪዞና በረሃ ከአንተ በኋላ በጣም ጸጥ ብሏል።

ስንከራከርበት ከነበረው ገደል ሥር ተቀመጥኩ። ጥር በገባ ቁጥር ከሚኔሶታ እየመጣህ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የዚህን ተራራ ካርታ አብረን ሠራን። አለቱ ድሮ የባሕር ዳር ጠጠር፣ አሸዋና ጭቃ እንደነበር ተስማምተናል። በጥልቀት ተቀብሮ፣ ከላይ ክብደቱ ሲጫነው፣ ከሥር ሙቀቱ ሲያበስለው፣ ሳይቀልጥ ተለወጠ፤ ጠጠሩ ተደፍጥጦ ምስር መሰለ፣ ጭቃው ሚካ የሚባል የሚያብረቀርቅ ስስ ማዕድን ሆነ። ያልተስማማነው በአንድ ነገር ነበር።

«ዊኒ፣ ይሄ ተራራ እኮ በጀርባው ነው የተኛው! ታጥፎ ተገልብጧል» አልከኝ።

«የተገለበጥክስ አንተ ነህ። ኮፍያህን አድርግ፣ ፀሐይ መትታሃለች።»

«ሳቂ አንቺ! ውኃ ውስጥ ከአሸዋ ቀድሞ የሚሰጥመው ጠጠር ነው፤ ቦታውም ከታች ነው። ጠጠሩ ከላይ፣ አሸዋው ከታች የሆነ ድንጋይ ባገኝስ?»

«ያኔ ካርታውን ቀድጄ እንደ አዲስ እጀምራለሁ።»

በማግስቱ፣ አንተ ከሸለቆው ማዶ ሳለህ፣ እኔ አገኘሁት። እንደ ደንባችን፣ በመዶሻ ከመፈንቀሌ በፊት ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት በማርከር ሣልኩበት። ጠጠሩ ከላይ ነበር። አጠገቡ ያለውንም አየሁ፤ ያም እንደዚያው ነበር።

ፒክአፑ ጋ ስንገናኝ ማስታወሻዬ ላይ ለድንጋዩ የሰጠሁትን ቁጥር አየህና «ድንጋዩስ የታለ?» አልከኝ።

«ቀስት ሳልሠራ ፈነቀልኩት። ላዩና ታቹ ስለጠፋብኝ ጣልኩት።»

«አይ ዊኒ! በስተርጅና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆንሽ?» ብለህ ሳቅክ።

አመንከኝ። ድንጋዩ ግን ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ካርታው እኔ ባልኩት መንገድ ታተመ፣ ስሜም ከላይ ተጻፈ።

ኩራት ነው፣ ሌላ ስም አልሰጠውም። የሚያንገበግበኝ ግን ካርታው አለቀ መባሉ ነው። ስላለቀ መምጣትህን ተውክ። እውነቱን ብነግርህ ኖሮ ሥራው እንደ አዲስ ይጀመር ነበር፤ አንተም ዓይንህ እስኪደክም ድረስ በየዓመቱ ጥር ላይ ትመጣ ነበር። እወድህ ነበር ዴልበርት። አንተን በየዓመቱ ለማምጣት የሚበቃ ድንጋይ በእጄ ይዤ ደበቅኩት።

ካርታውን ማረም ጀምሬአለሁ፤ ስምህ ከስሜ ይቀድማል። ይቅር ባትለኝም አርመዋለሁ።

ድንጋዩ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በላክሁት ሳጥን ውስጥ ነው። ጆሊን፣ ቀስቱን ወደ ላይ አድርገሽ እጁ ላይ አስቀምጪለት። ዴልበርት፣ አውራ ጣትህን ከላይ ወደ ታች ቀስ አድርገህ አውርደው። መጀመሪያ የምትነካው ጠጠሩን ነው።

ዊኒፍሬድ