በአሥራ አራተኛው ገጽ ላይ ያለው ሲጋር

ለዋርሳዬ፣ ለባሌ ታናሽ ወንድም፤

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህ ተሻለህ ወይ? ባለቤትህና ልጆችህስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ይለግማል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም። ልጃችንም ደህና ናት። ደህና ነበረች ልበል፣ መጽሐፍህ ቤቴ እስኪገባ ድረስ።

ማን ጻፈላት እንዳትል። የጻፍኩት እኔው ነኝ። ቀለሙ እዚህም እዚያም ተለቅልቆ ካገኘኸው የግራ እጄ ጥፋት ነው፤ የጻፍኩትን እየጠረገ ያልፋል። “እትዬ ግራኝ” ብለህ ስም ያወጣህልኝ አንተ ነህና ይገባሃል። በሠርጌ ሳምንት ሽንኩርት ስከትፍ አይተህ፣ “ጋሼ፣ ይቺ ሚስትህ ጣትህን እንዳትቆርጥብህ ራቅ በል” ብለህ ቤቱን በሳቅ አፈረስከው።

ባለቤትህ መጽሐፉን ስትሰጠኝ፣ “ማንበብ ባትችልም ሥዕሉን ትይ፣ ደስ ይላታል” ብለህ እንደላክህልኝ ነገረችኝ። ደስ ብሎኛል። ሠላሳ ሁለቱንም ገጽ ከሽፋን እስከ ሽፋን አንብቤ ነው ደስ ያለኝ። ወንድምህ ከሲጋር ፋብሪካው የትምባሆ ቅጠል ሲያመጣ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳልጥል እያስቀመጥኩ፣ ፊደል በፊደል እየለቀምኩ ነው ማንበብ የተማርኩት። እሱ ያውቅ ነበር። አንተ ጠይቀህ አታውቅም። ጋዜጣው ሁሉ እየተቀደደ ስለሚመጣ የብዙ ወሬ መጀመሪያውን እንጂ መጨረሻውን አላውቅም። ያንተ መጽሐፍ ግን መጨረሻውን ካንተ ይበልጥ የማውቀው ወሬ ነው።

ቁጣዬን ከትንሹ ልጀምር።

“ሲጋርዎን በቤትዎ ይጠቅልሉ” ብለህ ለጀማሪ ጽፈሃል። ጥሩ። አራተኛው ገጽ ላይ ቅጠሉን ለአንድ ሰዓት ውኃ ውስጥ ይንከሩ ትላለህ። ምን ነካህ? ጎመን ነው የምታስቀቅላቸው? ሃያ ዓመት ፋብሪካው ውስጥ ወንድምህ አጠገብ ስትቀመጥ ቅጠል ሲነከር አይተሃል? ሊተኮስ እንደተዘረጋ ሸሚዝ ውኃ እፍ ይሉበታል፣ እርጥብ ጨርቅ ያለብሱታል፣ ያሳድሩታል። ጠዋት ጣት ላይ ሲያነሱት እንደ ሻሽ ይተኛል። ይኸው ነው። የነከሩት ቅጠል ያብጣል፣ ይሻግታል፣ አይነድም።

ስድስተኛው ገጽ ላይ ደግሞ፣ “እንዳይፈታ ጥብቅ አድርገው ይጠቅልሉ” ይላል። ይህን ያመነ ምስኪን ጉንጩ እስኪሰረጉድ ቢስብ ጭስ አያገኝም። ውስጥ የሚገባው ቅጠል እንደ ማራገቢያ ይታጠፋል፣ በመሐሉ አየር ይተውለታል፣ ከዚያ በጣት እየዳበሱ ጠንካራ ቦታ ይፈልጉበታል። ማጥበቅ የጀማሪ ፍርሃት ነው። ይፈታብኛል ብሎ እየሰጋ አንቆ ይገድለዋል። አውቀዋለሁ።

ከየት አወቅሽ ካልክ፣ አንብቤ ስጨርስ ከገበያ ቅጠል ገዛሁ፣ የወንድምህን ጣውላ ከአልጋ ሥር አወጣሁ፣ ጎባጣውን ቢላውን ሳልኩት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲጋር መጠቅለል እንደምታስተምራቸው ሰዎች ጀማሪ ሆኜ ተቀመጥኩ። ያንን ጣውላና ቢላ የክፍልህ ግድግዳ ላይ ልስቀለው፣ ላኪልኝ ብለህም ነበር። አልልክም። ሰውዬውን መጽሐፍህ ውስጥ ሰቅለኸዋል፤ ይበቃሃል።

አሁን ወደ ትልቁ ልምጣ።

አሥራ አራተኛው ገጽ ላይ አንድ የተበላሸ ሲጋር ፎቶ አንስተህ አውጥተሃል። ከሥሩ የጻፍከውን በቃሌ ይዤዋለሁ። “ይህ የታላቅ ወንድሜ የመጨረሻ ሥራ ነው። እጁ የማይስት ባለሙያ ነበር። መጠጥ እጁን አንቀጠቀጠው። የቅጠሉን ግራና ቀኝ እንኳ እስከ መርሳት ደረሰ። ጀማሪ ሆይ፣ ከዚህ ተማር።”

ልጃችን ከእኔ በኋላ አነበበችው። መጽሐፉን ዘግታ፣ ልብስ እያጠፈች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ “አባዬ ይጠጣ ነበር እንዴ?” አለችኝ። አንድ ቀን ቀምሶ አያውቅም አልኳት። “ታዲያ አጎቴ ይዋሻል? ሲጋሩ ይኸው፣ የአባዬ የፋብሪካ ቁጥር ያለበት” አለች። አሥር ቀን ሆነው። አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠን ጨው አቀብዪኝ ከማለት ሌላ አትናገረኝም። አባቷን ነው የወሰድክባት፣ ገባህ? ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ፣ እንደገና ወሰድክባት።

የወንድምህ ቀኝ አውራ ጣት መንቀጥቀጥ የጀመረው ከመሞቱ ሁለት ዓመት በፊት ነው። ሐኪሙ የነርቭ ነው፣ እየባሰ ይሄዳል አለን። ከሐኪሙ ቤት ስንወጣ የለመነኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለማንም እንዳልናገር። “በተለይ ታናሼ እንዳይሰማ፣ መሳቂያ ያደርገኛል” አለኝ። ልክ ነበር።

ለነባር ሠራተኞች ቅጠል ቤት ወስዶ መሥራት ይፈቀድ እንደነበር ታውቃለህ። ማታ ልጃችን ስትተኛ ቅጠሉ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል። እሱ ከጠረጴዛው ማዶ ወንበር ስቦ ይቀመጣል፣ ሁለት እጆቹን ጉልበቶቹ መሐል ቀርቅሮ በአፉ ብቻ ይሠራል። ላላ፣ ላላ ይላል። አሁንም ጠበቀ ይላል። ይህኛው የቅጠሉ ቀኝ ግማሽ ነው፣ በሌላ በኩል ነው የሚዞረው ይላል። ተቆጥቶ አያውቅም። ሃምሳው ሲሞላ የራሱን የሠራተኛ ቁጥር፣ አርባ ሰባትን፣ ያስርበትና ወደ ፋብሪካው ተሸክሞ ይሄዳል።

አንተም በምታስታውሰው በዚያ ቀን ምሳውን ረስቶ ሄዶ ስለነበር ፋብሪካው ድረስ ይዤለት መጣሁ። ምሳ ዕቃውን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ካቦው የአርባ ሰባት ቁጥርን ጥቅል ሁላችሁም ፊት ፈታው። አንዱን ሰበረ፣ ሌላውን ሰበረ፣ ወለሉ ላይ ጣለ። “ጭስ የማያሳልፍ ዱላ! የቅጠሉ ደም ሥር እንደ መሰላል ተገትሯል! ይህን የጠቀለልከው አንተ ነህ?” አለው። ወንድምህ መጀመሪያ ካቦውን አየ። ከዚያ ወደ በሩ ዞሮ እኔን አየኝ። ከዚያ፣ “አዎ፣ እኔ ነኝ” አለ።

መጽሐፍህ ላይ ያን ቀን አለቀስኩ ብለሃል። ስቀሃል። ጎንህ ያለውን ሰው በክርንህ ጎሽመህ ነው የሳቅከው። ከዚያ ጎንበስ ብለህ ያልተሰበረች አንዲት ሲጋር ከጥቅሉ ቁጥር ጋር ከወለሉ አንስተህ ኪስህ ከተትክ። ለማስታወሻ ይሆናል ብዬ ነበር። እኔስ? እኔ ምሳ ዕቃውን በሩ ሥር አስቀምጬ ወጣሁ። አንተ ሳቅህ፣ እኔ ዝም አልኩ፤ ማንኛችን እንደምንብስ እኔ አልፈርድም።

ከዚያ ከጀማሪዎች ጋር የኋላው ክፍል አስገብተው የቅጠል ጅማት አስነቀሉት። ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ነገሩን አንድም ቀን አላነሳብኝም። ቢያነሳብኝ፣ ቢጮህብኝ፣ ዛሬ በአንተ ላይ ይህን ያህል ባልጮህኩ ነበር።

ዘጠነኛው ገጽ ላይ ግን አንድ እውነት ጽፈሃል፣ አልክድህም። የላይኛው ልባስ ቅጠል መሐሉ ተሰንጥቆ ለሁለት ሲከፈል፣ ግራው ግማሽ በአንድ በኩል፣ ቀኙ ግማሽ በተቃራኒው ይዞራል፤ ያኔ የደም ሥሩ በቁመት ተኝቶ አይታይም ትላለህ። ወንድምህ በሁለቱም በኩል ዓይኑን ጨፍኖ ያዞረው ነበር። ትናንት ያንን ገጽ ፊቴ ዘርግቼ ሦስት ሲጋር ጠቀለልኩ። አንዱ በግራው ግማሽ ነው፤ እንደ ወንድምህ ባይሆንም አያሳፍርም። ሁለቱ በቀኙ ግማሽ ናቸው። መጽሐፉ በዚያ በኩል አዙሪ ይለኛል፣ እጄ እንቢ ይለኛል። የሚያውቀው አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ቆይቶም እንቢ አለ።

ሦስቱንም በትንሽ ሣጥን አድርጌ ልኬልሃለሁ። ያስቀመጥካትን፣ ፎቶዋን ያወጣሃትን ሲጋር አውጣና አጠገባቸው አስተኛት። አንተ ባለሙያ ነህ፤ እኔ የምነግርህ ነገር የለም።

መጽሐፉን በድጋሚ ልታሳትም ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። መጠጥ የሚለውን ቃል ታወጣለህ። ይህን አልለምንህም፣ ታወጣለህ። ፎቶው ይቆይ፤ ጀማሪ ይማርበት። ከሥሩ ያለውን ስም ግን ቀይር።

ሣጥኑንና ደብዳቤውን የምታመጣልህ ልጃችን ናት። ፖስታውን አላሸግኩትም። አውቶቡሱ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ እሷም እንደ እናቷ የተጻፈ ነገር አይታ ማለፍ አትችልም። ከአንተ ቀድማ እንድታነበው ነው። ስትደርስ ፊቷን እየውና እንዴት እንደሆነች ጻፍልኝ። ወደ እኔ የምትመለስ ከሆነም ጻፍልኝ። ከፊቷ ግን አትሳቅ።

ወገብህን ይማርልህ። ልጆችህን ያሳድግልህ፤ በስምህ የሚያፍሩበትን ቀን አያምጣባቸው። ከልቤ ነው፣ ተቆጥቼም ከልቤ ነው።

የወንድምህ ሚስት፣
እትዬ ግራኝ