ቃሪያ ዝም ካለች አምስት ቀን

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14 ቀን

ለምወድሽ እናቴ፣

ከየት እንደምጀምርልሽ አላውቅም። ባለፉት ሦስት ደብዳቤዎች «ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ የጻፍኩልሽ ውሸት አልነበረም፤ ግን ሙሉም አልነበረም። ስልክ ስትደውዪ አባዬ አጠገቤ ይቆማል፣ ልጆቹ ስልኩን ይሻማሉ፣ እኔም «ደህና ነኝ እማዬ» ብዬ አቀብላቸዋለሁ። አንቺም እዚያ ሆስፒታል ከሕፃኑ አልጋ አጠገብ ቁጭ ብለሽ ሌላ ሐሳብ እንድጨምርብሽ አልፈለግኩም። ዛሬ ግን ካልጻፍኩልሽ የማድር አይመስለኝም።

ትንሹ ወንድሜ እንዴት ነው? ቱቦውን ከአፍንጫው እንዳወጡለት አባዬ ነገረን። መንቶቹ ይህን ሲሰሙ «አሁን ማልቀስ ይችላል ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። በኋላ ግን ሳስበው አላሳቀኝም።

አሁን አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። አባዬ ወደ ሥራ ሄዷል። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ።

አንድ ያልነገርንሽ ነገር አለ። አባዬን ወደ ሌሊት ጥበቃ እንዳዛወሩት ታውቂያለሽ። ባለፈው ወር ተቆጣጣሪው መጋዘኑ በር ላይ ተኝቶ አገኘው። «ሁለተኛ እንዲህ ካገኘሁህ ዩኒፎርሙን አጥበህ መልስ» አለው። አባዬ ሲነግረኝ እየቀለደ ነበር። «እንቅልፉ ነው ወደ እኔ የመጣው፣ እኔ አልሄድኩበትም» አለና ብቻውን ሳቀ። እኔ ግን እጁን አየሁት፤ የጫማውን ማሰሪያ መፍታት አቅቶት ነበር።

ችግሩ እኛ ነን፣ እማዬ። እሱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ይመጣል፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መተኛት አለበት፣ ያለን ደግሞ አንድ ክፍል ነው። ልጆችሽን ታውቂያቸዋለሽ። ጠበቃው ስምንት ዓመት ሞላው፤ «ዝም በል» ስትይው «ለምን?» ይላል፣ ስትነግሪው ደግሞ «ታዲያ እሷስ?» ብሎ ሌላ ክስ ይከፍታል። መንቶቹ አንድ ዓይነት ሁለት ማንኪያ ይዘው «ያንቺ ይሻላል» ብለው ይጣላሉ። ቃሪያ ደግሞ ቃሪያ ናት። አራት ዓመት ሙሉ አፏን ሳትዘጋ የኖረች ልጅ። ሽንቷ ሲመጣ መንደሩ ሁሉ ይሰማል። ቤቱን ቀውጢ ሲያደርጉት አባዬ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኖ «ልጆቼ፣ እባካችሁ» ይላል። አይቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

እኔ እንደ አንቺ በዓይኔ ብቻ ዝም ማሰኘት አልችልም። መጮህም አይሆንልኝም። ስለዚህ አንድ ጨዋታ ፈጠርኩ። ስሙ «ድንጋይ» ነው። እኔ «ድንጋይ» ካልኩ ጀምሮ ሁሉም ጭጭ ይላል። ድምፅ ያሰማ ይወጣል። እስከ መጨረሻው ዝም ያለ ያንቺን አረንጓዴ ሹራብ ለብሶ ያድራል።

ሹራቡን መስጠት አልነበረብኝም። ሽታሽ እስካሁን አለበት። እኔም አንዳንድ ቀን ለራሴ አደርገው ነበር። ግን ሌላ የሚፈልጉት ነገር አላገኘሁም፤ ሹራቡን ደግሞ ሁሉም ይፈልጉታል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቤቱ ጸጥ አለ። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ከአጥሩ በላይ አንገቷን አስግጋ «ልጄ፣ ልጆቹን የት ወሰዷቸው?» አለችኝ። «እዚሁ ናቸው፣ እትዬ» አልኳት። «እዚሁ ሆነው ነው ድምፃቸው የጠፋው? ልጅ ዝም ሲል እኮ አንድ ነገር አለ» አለች። ጠዋት ጠዋት እሷ ጋ እንዳመጣቸው ለመነችኝ። የስፌት መኪናዋ ሲንኳኳ ስለሚውል ጩኸታቸው እንደማይሰማት ነገረችኝ። እኔ አፈርኩ። የቤታችንን ችግር ሰው እንዳያውቅብን ብዬ «አይ፣ ደህና ናቸው» አልኳት።

አሁን ሐሙስ የሆነውን ልንገርሽ። አትደንግጪ፣ የቃሪያ ጣት አልተቆረጠም።

እኔ ቧንቧው ጋ ልብስ እያጠብኩ ነበር። ልጆቹ በሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጠው ድንጋይ እየተጫወቱ ነበር። በሩ ክፍት ነበር። ቃሪያ እጇን በሩና መቃኑ መካከል፣ በማጠፊያው በኩል ባለው ክፍተት አስገብታ ነበር። ጠበቃው በኋላ እንደነገረኝ፣ አባዬ ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ገባችበት መሰለኝ፣ እንቅልፉ ሳይለቀው ተነስቶ በሩን ገፋ። በራችን ሁልጊዜ አልገጥም እንደሚል ታውቂያለሽ። የተለመደው መስሎት በትከሻው ገፍቶ ዘጋው። ተመልሶም ተኛ።

እኔ ሁለት ባልዲ ሞልቼ ስመለስ ሦስቱ እንደተቀመጡ ናቸው። ቃሪያ በሩ ላይ ተለጥፋ ቆማለች። እንባዋ በአገጯ ይንጠባጠባል፣ ከንፈሯን ነክሳዋለች። ድምፅ የለም። ጠበቃው ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ በሹክሹክታ «እስካሁን አላወራችም። እያሸነፈች ነው» አለኝ።

በሩን ስከፍተው ጣቷ ጠቁሯል፣ ጥፍሯ ተነቅሏል። አንስቼ አቀፍኳት፤ እንደ ወፍ ልቧ ይመታል፣ አፏ ግን እንደተዘጋ ነው። ወደ መድኃኒት ቤቱ ይዣት ሮጥኩ። ሰውዬው አጥቦ አሰረላት። «አጥንቱ ሳይነካ አልቀረም። ጤና ጣቢያ ይዟት እንዲሄድ ለአባትሽ ንገሪው፣ ዛሬውኑ» አለኝ። «እሺ» አልኩት።

አልነገርኩትም። አባዬ ሲነሳ ፋሻውን አይቶ «ምን ሆና ነው?» አለ።

«ባልዲ ወድቆባት ነው» አልኩ።

«አለቀሰች?»

«አላለቀሰችም።»

ቃሪያን አቅፎ ግንባሯን ሳማት። «አይ የኔ ጀግና» አላት። ቃሪያ እኔን አየችኝ። ጠበቃውም እኔን አየኝ። ያ ለሁሉ ነገር መልስ የማያጣው ልጅ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ያን ቀን ማታ ሹራቡን አለበስኳት። ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላወቅኩም ነበር፣ እማዬ። አሸንፋለች፤ ሌላ ምን እላለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃሪያ አልተናገረችም። ዛሬ አምስተኛ ቀኗ ነው። ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ስትጠሪያት ትመጣለች። ሽንቷ ሲመጣ ቀሚሴን ትጎትታለች። ቅዳሜ ለብቻዋ ወስጄ «ጨዋታው አልቋል፣ አሁን ማውራት ትችያለሽ» አልኳት። ራሷን በእንቢታ ነቀነቀች። ጠበቃው ከኋላዬ ሆኖ «ማን አለቀ አለ? አባዬ እኮ ተኝቷል» አለ። ሊያሾፍ አልነበረም፤ እውነቱን ነው።

እሑድ ስትደውዪ «ቃሪያ የት አለች?» ስትዪ «ተኝታለች» ያልኩሽ አጠገቤ ቆማ ነው። ስልኩን በሁለት ዓይኗ እያየችው ነበር።

ዛሬ ጣቷ ከትናንቱ ይልቅ አብጧል፣ ፋሻውን ስነካው እጇን ትሸሽጋለች። ስለዚህ በስድስት ሰዓት አባዬን ልቀሰቅሰው ሄድኩ። አልጋው አጠገብ ቆምኩ። እጁን ከጉንጩ ሥር አድርጎ፣ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ፂሙ ሸብቷል፣ አንቺ ስትሄጂ እንዲህ አልነበረም። «አባዬ» አልኩ። ድምፄን እኔ ራሴ አልሰማሁትም። ደግሜ ልል ስል ተቆጣጣሪው ትዝ አለኝ፣ ዩኒፎርሙ ትዝ አለኝ፣ «በሩን የዘጋህባት አንተ ነህ» ስለው ፊቱ የሚሆነው ታየኝ። ልጆቹ አራቱም በር ላይ ቆመው ያዩኛል። ወጣሁ።

በዘጠኝ ሰዓት ሲነሳ ደስ ብሎት ነበር። ውሃ ፊቱ ላይ እየረጨ «እናንተ ልጆች አደብ ገዛችሁ እኮ። እናታችሁ ስትመጣ ከጎረቤት ልጆች ጋር የተቀየራችሁ ነው የሚመስላት» አለ። መንቶቹ ሳቁ። አፋቸውን ይዘው፣ ያለ ድምፅ ነው የሳቁት። እሱ አላስተዋለም። እኔ አስተዋልኩ፤ ያን ጊዜ ነው ልጽፍልሽ የወሰንኩት።

ጨዋታውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። በሩን የዘጋው እሱ ነው፣ ግን በሩ ተዘግቶባት ያልጮኸችው በእኔ ነው። አንዳንዴ ሳስበው፣ ልጆቹን ያስተማርኳቸው እኔ የምችለውን አንድ ነገር ብቻ ነው። ትዝ ይልሽ እንደሆነ አስተማሪዬ «ይቺ ልጅ ታውቃለች፣ ግን አትናገርም» ብላሽ ነበር።

ነይ አልልሽም። የሕፃኑ ሕክምና ሳያልቅ እንዴት ትመጫለሽ። ይህን ያልኩሽ ነይ ለማለት አይደለም። አንድ ቀን ጠዋት ስትነሺ ሕፃኑ ቀድሞሽ ነቅቶ፣ ስቆ፣ ጮሆ፣ ክፍሉን ሁሉ ቀስቅሶ ያቆይሽ። ሐኪሞቹም «ውሰጂልን፣ ሰለቸን» ይበሉሽ። እንቅልፍ አታጪ። ምግብሽን ብዪ።

ነገ የማደርገውን ልንገርሽና ላብቃ። ማለዳ ጠበቃውንና መንቶቹን ልብስ ሰፊዋ ጋ አደርሳቸዋለሁ፤ እንደልባቸው ይጩኹ። ጤና ጣቢያው ሁለት ሰዓት ላይ ይከፈታል። ቃሪያን ይዤ ከግቢው በር ውጪ አባዬን እጠብቀዋለሁ። ገብቶ ጫማውን ካወለቀ አልችልም፣ ስለዚህ ሳይገባ እነግረዋለሁ። መጀመሪያ ስለ ጨዋታው፣ ቀጥሎ ስለ በሩ፣ በሙሉ። ከዚያ ሦስታችንም ጤና ጣቢያ እንሄዳለን። ነገ ሌሊት ቢያንቀላፋም ያንቀላፋ፤ ከእሷ አይበልጥም።

ደብዳቤዎቼን የሚያደርስልሽ የአውቶቡስ ሹፌር ወደ አንቺ የሚመጣው ሐሙስ ነው። እኔ ፖስታውን አሁን አሽገዋለሁ። ነገ ድምፄ እንቢ ካለኝ ቀድጄ ለአባዬ አስነብበዋለሁ። እንግዲህ ፖስታው ተቀዶ ከደረሰሽ፣ አልተናገርኩም ማለት ነው፤ ግን አውቋል።

ትልቋ ልጅሽ