ጣሉልን የተባልኩት ልጅ

ይድረስ ለምወድዎ እናቴ ለወይዘሮ ዘውድነሽ፤ ቡልጋ።

እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎን የሚይዝዎ ሕመም ለቀቀዎት ወይስ ብርዱ አባሰብዎ? የታመመችው ጥጃስ ተረፈች? እኔ በአምላክ ቸርነት ደኅና ነኝ፤ ከአዳማ አቧራና ከተማሪዎቼ በቀር የሚያስቸግረኝ የለም።

ዓመቱ ሊያልቅ ነው፤ ትዕግሥቴ ግን ቀድሞት አልቋል። ሰማዩ ትንሽ ባካፋ ቁጥር ገሚሱ ተማሪ ወደ እርሻ ይጠፋል። የቀረው ደግሞ ባቡር ሲያፏጭ በመስኮት ዘሎ ወደ ጣቢያ ይሮጣል። መስከረም ላይ ያስተማርኳቸውን መደመር ዛሬ ብጠይቃቸው ዓይናቸውን አፍጥጠው እኔኑ ያዩኛል፤ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ። ይግረምዎትና ክረምቱን ያለ እነሱ እንዴት እንደምገፋው ሳስብ ደግሞ ገና ካሁኑ ይናፍቁኛል።

ታዲያ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ጆቴ የሚባል ተማሪ አለኝ፤ ከሁሉም የሚበልጥ፣ በጥያቄ ብዛት የሚያደርቀኝ። የሰኔን ፈተና ካለፈ አዲስ አበባ ገብቶ አዳሪ ሆኖ ይማራል። እሑድ ዕለት አባቱ ገርባ ሽማግሎች አስከትሎ መጣ። አሳልፉልን ሊሉኝ ነው ብዬ ገና ሳይናገሩ ተቆጣሁ። ለካስ የመጡት ልጁን በፈተናው እንድጥልላቸው ሊለምኑኝ ኖሯል። ከሄደ የመንግሥት ሰው ሆኖ ይቀርብናል፣ በሬውንስ ማን ይጠምደዋል ይላሉ። የሚያውቀውን ልጅ እንዴት አያውቅም እላለሁ ብላቸው፣ ትልቁ ሽማግሌ ኦቦ ሰንበታ፣ ሌሎቹን ያለ ልመና ይጥሏቸው የለም ወይ አሉኝ። በሽበታቸው ላይ አልጮህ ነገር፣ ላስብበት ብዬ ሸኘኋቸውና ስበግን ዋልኩ።

በማግስቱ የልጁ እናት ዲንቄ ብቻዋን መጣች። የእነሱን አይስሙ፣ ልጁ ይለፍ፣ ገርባን ለእኔ ይተዉት አለችኝ። ደስ ብሎኝ ልመርቃት ስል ከደጃፉ ላይ ቆም አለችና «የኔታ፣ የእርስዎ እናት እርስዎን ሰድደው እንዴት ቻሉት?» ብላ ጠየቀችኝ። ቡልጋን ከለቀቅሁ ስንት ዘመኔ፣ ይህን አንድ ቀን እንኳ ጠይቄዎት አላውቅም። አፈርኩ። እናቴን ጠይቄ እነግርሻለሁ አልኳት፤ እሷም መልሱ ልጄ ባቡር ሳይሳፈር ይድረስልኝ ብላ ሄደች።

እንግዲህ እማዬ፣ እውነቱን ይጻፉልኝ። ምንም አልሆንኩም ብለው እንዳይሸነግሉኝ፤ እኔ ብሸነገል እሷ አትሸነገልም።

ይህን የሚያነቡልዎን አጎቴን አለቃ ተክለሃይማኖትን እጅ እነሣለሁ፤ እማዬ የሚሉትን ሳያሳምሩ እንዳለ ይጻፉልኝ። እህቴን ሮማነወርቅን ከነልጆቿ ሳሙልኝ፤ ወንድሜ ሙሉአለም እርሻው ይቅናው። ዲንቄም ሳታውቅዎ ሰላም በሉልኝ ብላለች።

ልጅዎ ሰብስቤ
አዳማ፣ ግንቦት ፳፬ ቀን ፲፱፻፳፫ ዓመተ ምሕረት