ወንዶቹንም ክፈታቸው

ጅማ፣ አወቱ መንደራ
ኅዳር 12 ቀን 1976 ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ ለቲጃኒ
ኦዴሳ

አሰላሙ አለይኩም።

ደብዳቤህ ከነፎቶግራፉ ደርሶኛል። ከስተሃል፤ ኮቱ ግን አምሮብሃል። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ የስፌት መኪናዬም ጠዋት ማታ ትጮኻለች። ተናድጃለሁ እንጂ አልታመምኩም። ስለዚህ ይህን ቆመህ አታንብበው፣ ተቀመጥ።

መጀመሪያ ስለምታጠናው ዓሣህ። ፋኖስ ዓሣ ብለህ ስም ያወጣህለትን ነገር እዚህ የሴቶች ማኅበሩ ስፌት ቤት ውስጥ የማያውቀው የለም። ቀን ቀን ጨለማው ውስጥ ወርዶ፣ ሲመሽ ለመብል ወደ ላይ የሚወጣ፣ ገላው ላይ መብራት የተደረደረለት፣ ከጣት ብዙም የማይበልጥ ዓሣ። የብዙዎቹ ወንዶች መብራት ከጅራታቸው በላይ፣ የሴቶቹ ከጅራታቸው በታች ነው ያልከውን ሳነብላቸው፣ አጠገቤ የምትሰፋው ንግስት «እዚያም ወንዱ ከላይ ነው እንዴ?» ብላ የሰፊውን ሁሉ መርፌ አስቆመችው። እንቁላሏ ከጤፍ ፍሬ ያንሳል፤ ሴቷ ውኃው ውስጥ ትለቀዋለች፣ ወንዱም ዘሩን ይለቅበታል፣ ከዚያ ሁለቱም መንገዳቸውን ይሄዳሉ። አማት የለ፣ ሽማግሌ የለ። እኔ በተለይ ይቺን ወደድኳት።

ከሁሉ ግን ልቤ ውስጥ የቀረው ሌላ ነው። የባሕር ጅረት ገፍቶ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የጣላቸው አሉ፤ ይበላሉ፣ ይወፍራሉ፣ ግን አይራቡም ብለሃል። ይህን ለማወቅ ሆዳቸውን ቀዳችሁ በማጉያ መነጽር ታያላችሁ። አንተ ታዲያ ሴቶቹን ብቻ ከፍተህ «እነዚህ አይራቡም» ብለህ ጽፈህ ስትሰጥ፣ አሮጊቷ አስተማሪህ ወረቀቱን መልሳ ወርውራልህ «ወንዶቹስ?» አለችህ። «እኛ አገር ልጅ ሲጠፋ ማን ወንዱን ያያል ብለሽ ነው፣ ዙሀራ» ብለህ ቀልደህ ጻፍክልኝ። ስፌት ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ወንዶቹን ከፍተህ ምን እንዳገኘህም እስካሁን አልነገርከኝም።

አሁን ወደ እኛ ነገር ልምጣ።

ባለፈው ወር እናትህ ከጅሬን ወርደው ነጭ ሐር የሚመስል ጨርቅ ይዘውልኝ መጡ። «አጋሮ ያለች የዘመድ ልጅ ልትዳር ነው፤ እጅሽ ይመርቃልና አንቺው ስፊላት» አሉኝ። ደስ አለኝ፤ እናትህ አዮ ባህሪያ ለኔ እጅ እንዲህ ያለ ቃል ከአፋቸው ካወጡ ስንት ጊዜያቸው! ልጅቷ ልትለካ ቤቴ መጣች። ሶረቲ ትባላለች። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ናት፤ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ወገቧን ስለካ፣

«እትዬ፣ ወገቡን ሰፋ አድርጊው፤ አዮ ባህሪያ ቶሎ ትወልጃለሽ ብለውኛል» አለችኝ።

«ኢንሻላህ። ባልሽ የት ነው የሚሠራው?»

«መስኮብ አገር ነው። ስለ ዓሣ ይማራል አሉ። ኒካሑን አጎቱ ወኪል ሆነው ያስሩልኛል። የመጀመሪያ ሚስቱ መካን ሆናበት ነው አሉ፣ ምስኪን።»

ምስኪን ያለችው አንተን ይሁን እኔን አላወቅኩም። የመለኪያውን ክር ከወገቧ ፈትቼ እንደገና ለካኋት። ልጅቷ የማን ቤት ቆማ እንደምትለካ አታውቅም ነበር፤ ዋላሂ አታውቅም። እናትህ የጣውንቴን የሠርግ ልብስ በእጄ ሊያሰፉኝ ነው! በዚህ ከተማ ብዙ ዓይነት ድፍረት አይቻለሁ፤ የዚህን ያህል ግን አላየሁም። ለልጅቷ ምንም አልነገርኳት፤ ለክታ ጨርሼ በሰላም ሸኘኋት።

ዓርብ ከስግደት በኋላ ጅሬን ወጣሁ። አጎትህ ሸኩር እልፍኝ ውስጥ ከሽማግሌዎቹ ጋር ጫት ይዘው ተቀምጠዋል፤ ሼህ አብዱልፈታሕ መሐል ናቸው። የሠርጉን ቀን ቆርጠው ዱዓ ሊያደርጉ ነው። ቡናው ተሸጦ ሲያበቃ፣ ጥር ላይ ብለዋል። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ።

«ያ ዙሀራ፣ ምን ፈልገሽ ነው? ሴቶቹ ጓዳ ናቸው» አሉኝ አጎትህ።

«ባሌን ለማን እንደምትድሩት ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

እናትህ ከጓዳው በር ላይ ሆነው «ስምንት ዓመት ጠበቅንሽ! ማል ጎና? ምን እናድርግ? ልጄ ያለ ዘር ይቅር? አሁን ደግሞ የማኅበር ሴቶች ምላስ ተምረሽ መጣሽብን» አሉ። እያለቀሱ ነበር፣ እውነቴን ነው። ለልጃቸው ነው የሚያለቅሱት፤ አልፈርድባቸውም።

«አዮ፣ እርስዎ የወለዱት ልጅ በባሕር ማዶ የሚማረው የመውለድን ነገር ነው። ከዓሦቹ ሴቶቹን ብቻ አይቶ አይራቡም ብሎ ቢጽፍ፣ አስተማሪው ወንዶቹንም ክፈታቸው ብላ መለሰችው። እናንተ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ወገን ብቻ ነው ያያችሁት» አልኳቸው።

አጎትህ «አስተግፊሩላህ! ሰውን ከዓሣ!» ብለው ሊነሱ ሲሉ፣ ሼህ አብዱልፈታሕ የያዙትን ቅጠል አስቀመጡ።

«ሸኩር፣ ቲጃኒ በቃሉ ወክሎሃል?»

«አጎቱ አይደለሁም እንዴ?»

«አጎትነት ውክልና አይሆንም። ቃሉ ከራሱ ይምጣ። እስከዚያ ኒካሕ አላስርም።»

የሆነው ይኸው ነው። አጎትህ ውክልናውን ላክ ብለው ይጽፉልሃል፤ ምናልባትም የእሳቸው ደብዳቤ ከእኔ ይቀድም ይሆናል።

ቲጃኒ፣ እዚያ እልፍኝ ውስጥ ቆሜ ነገሩ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። አዲስ አበባ ሐኪም ቤት የሄድን ጊዜ፣ ሐኪሙ እኔን ምንም የለብሽም ብሎ አሰናብቶ፣ አንተን በር ዘግቶ ነገረህ። ስንመለስ ግቤ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም፣ ልጅ የማይወለደው ካንተ የተነሳ እንደሆነ ነገርከኝና እንደ ሕፃን አለቀስክ። «ተወው፣ ስሙ እኔ ላይ ይሁን» ያልኩህ እኔው ነኝ። ስለወደድኩህ ነው። ዛሬም እወድሃለሁ፤ ምን ላድርግ? መካን ሲሉኝ፣ በየሠርጉ ሙሽራ እንዳልነካ ሲከለክሉኝ፣ ውጭ አገር ሄደህ ስትማር እኔን ውኃ ዳር አስቀምጠው ጠበል ይሁን ዱዓ የተደረገበት ውኃ ሲያፈሱብኝ፣ ዝም ያልኩት በገዛ ፈቃዴ ነው።

ሶረቲ ግን ምን እንደሚጭኑባት አታውቅም። ዛሬ ካሰሩላት፣ ከሦስት አራት ዓመት በኋላ እሷንም እንዲሁ ይሏታል፤ ሦስተኛም ይፈልጋሉ። ያች ልጅ ያላጠፋችውን ተሸክማ አፏን በእጇ ሸፍና ስትኖር ቆሜ አላይም። ቅናት ነው ይሉኛል። ቅናትማ አለብኝ፤ ሚስትህ ነኝ፣ ድንጋይ አይደለሁም። ግን ወላድ ሆነህ ሁለተኛ ብታገባ፣ አልቅሼም ተሳድቤም አንድ ቀን ይወጣልኝ ነበር። ይኼኛው አይወጣልኝም።

የምጠይቅህ ትንሽ ነው። ለእናትህ በራስህ እጅ ጻፍ፤ አጎትህም ሼሁም ባሉበት ይነበብላቸው። «ጥፋቱ የዙሀራ አይደለም፣ የእኔ ነው» በል። ጥፋት እንኳ አይደለም፤ የአላህ ሥራ ነው፣ ግን እነሱ የሚገባቸው በዚያ ቃል ነው። ይህን ከጻፍክ፣ ስትመለስ አውቶቡስ ተራ ቆሜ እጠብቅሃለሁ፤ ሁለታችንም አንገታችንን ሳንደፋ ልጅ ሳይኖረን እናረጃለን። ከተማው የፈለገውን ያውራ።

ውክልናውን ከላክህ ወይም ዝም ካልክ ግን፣ ጥር ሳይገባ አጋሮ ወርጄ ለሶረቲ እናት በራሴ አፍ እነግራታለሁ። የማትደፍር እንዳይመስልህ። ሽማግሌዎች የተቀመጡበት እልፍኝ ገብቼ ወጥቻለሁ፤ ከዚህ በኋላ የሚያስፈራኝ በር የለም።

ብርዱ ከብዷል ብለሃል፤ ለትምህርት ወደዚያ በሚመጣው በአብዱልከሪም ልጅ በኩል ሹራብ ልኬልሃለሁ። ንግስት ሰላም ብላሃለች።

ለጤናህ ዱዓ አላደርግልህም፤ ጤናህ ደህና ነው። አላህ የጎደለህን ድፍረት ይስጥህ።

መልስህ እስኪመጣ ድረስ ሚስትህ፣
ዙሀራ